ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ የሩቅ ደሴት አየር ማረፊያ ታሪክ እንዴት ይጠናል?

ይሄ ጽሑፍ የድሮ አየር ማረፊያ ታሪክ መቆፈር ለሚፈልግ ሰው ነው። ስልክ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። የምንለማመድባት ቦታ ሃውላንድ ትባላለች። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ሰሜን ያለች፣ ዛሬ ማንም የማይኖርባት ደሴት ናት። ርዝመቷ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ወርዷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ለምን እሷን መረጥኩ? ታሪኳ አጭር ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይያዛል። በዛ ላይ አየር ማረፊያ የሚያጠና ሰው የሚወድቅባቸው ወጥመዶች ሁሉ እሷ ላይ አሉ፦ የቀን መምታታት፣ የስም መመሳሰል፣ አንድ ታዋቂ ሰው የሌላውን ሁሉ ታሪክ መሸፈኑ። እዚያ እጃችሁን ካፍታታችሁ በኋላ ወደ ድሬ አየር ማረፊያ እንመጣለን። ዋናው ፍላጎቴ እሱ ነው፣ አልደብቃችሁም።

ከነዳጅ ጀምሩ

ብዙ ሰው "መቼ ተሠራ? ማን ሠራው?" ብሎ ይጀምራል። እናንተ ቀድማችሁ "ለምን እዚህ?" በሉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ነዳጅ ነው። ካርታ ክፈቱ። ሃዋይንና አውስትራሊያን ፈልጉ፣ በመሃላቸው ያለውን ውሃ እዩት። የ1930ዎቹ አውሮፕላን ያን ሁሉ መንገድ ሳያርፍ አይሻገርም። የሆነ ቦታ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት አለበት። ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ፊሊፒንስ የሚወስደውን መስመር ሲከፍት ሚድዌይ፣ ዌክና ጓም የሚባሉ ደሴቶች ላይ እያረፈ ነው የሄደው። ወደ ደቡብ ለሚወርደው መንገድ ደግሞ ሌላ ማረፊያ ያስፈልጋል። ሃውላንድ የተፈለገችው ለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ሰው ወደ ሃውላንድ የሚሄደው ለወፍ ኩስ ነበር። የባሕር ወፍ ኩስ ምርጥ የእርሻ ማዳበሪያ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1856 ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ ኩስ ያለበትን፣ ባለቤት የሌለውን ደሴት በአገራቸው ስም እንዲይዙ ፈቀደች። ሃውላንድም በዚሁ መንገድ ተያዘች። ኩሱ ሲሟጠጥ ሰዎቹ ጥለዋት ሄዱ፣ ደሴቷም ለብዙ ዓመት ተረሳች። የአውሮፕላን ዘመን ሲመጣ ግን እንደገና ዓይን ገባች። እንግሊዞችም አካባቢውን ይፈልጉት ስለነበር፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ወጣቶች ልካ አሰፈረችባት። ሰው የሰፈረበትን መሬት ማንም በቀላሉ "የኔ ነው" አይልም።

አሁን ሃውላንድን ከካንቶን ጋር አወዳድሩ። ካንቶን ከሃውላንድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያለች ደሴት ናት፣ ዛሬ የኪሪባቲ ግዛት ነች። መሬቷ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞ መሃሉ ላይ ጸጥ ያለ ሰፊ ውሃ አለ። ውሃ ላይ ለሚያርፍ አውሮፕላን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ስለዚህ ፓን አሜሪካን እ.ኤ.አ. በ1939 እዚያ ጣቢያ ሠራ። ሃውላንድ እንዲህ ያለ ውሃ የላትም፣ ወደብም የላትም። ስለዚህ እሷ ላይ ማረፍ ከተፈለገ መሬት መደልደል ግድ ነው። ሁለት ጎረቤት ደሴቶች፣ ሁለት ዓይነት ማረፊያ፣ ምክንያቱ የመሬቱ ቅርጽ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከየትኛውም ሰነድ በፊት ካርታው ራሱ ይነግራችኋል።

ነዳጅ የማረፊያውን መሞትም ይነግራችኋል። ካንቶን ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትልቅ መንደርደሪያ ተሠራ፤ ከጦርነቱ በኋላም በሃዋይና በአውስትራሊያ መካከል የሚመላለሱ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ይቀዱባት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ጄቶች ሲመጡ ግን ማቆም አላስፈለጋቸውም። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የትኛው አውሮፕላን ፈለገው? የትኛው አውሮፕላን ተወው? ለማንኛውም አየር ማረፊያ ይሠራል።

ስሙን ተጠንቀቁ

"ሄንደርሰን" ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለት አየር ማረፊያ ይመጣላችኋል። አንዱ ሚድዌይ ላይ ነው። ሌላው ጓዳልካናል ላይ ነው፣ ዛሬ የሰለሞን ደሴቶች ዋና ከተማ የሆኒያራ አየር ማረፊያ ሆኗል። ሁለቱም የተሰየሙት በአንድ ሰው ነው፦ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1942 በሚድዌይ ውጊያ በሞተው አብራሪ በሻለቃ ሎፍተን ሄንደርሰን። ሳይለዩ ያነበበ ሰው የአንዱን ውጊያ ለሌላው ይሰጣል። ካንቶን ብላችሁ ብትፈልጉ ደግሞ መጀመሪያ የምታገኙት የቻይናውን ትልቅ ከተማ ነው። ስለዚህ ስም ብቻውን አትፈልጉ። የደሴቶቹን ስብስብ ስም፣ ዓመቱን ወይም የመርከብ ስም ጨምሩበት።

የሃውላንዱ መንደርደሪያም የራሱ ስም አለው፤ ካማካይዊ ይባላል። ደሴቷ ላይ ከሰፈሩት ወጣቶች መሪ በነበረው በጄምስ ካማካይዊ የተሰየመ ነው። ይሄን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመጣበታለን።

ቀንና ሰዓት፦ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት

ሃውላንድን ዓለም የሚያውቃት በአሚሊያ ኤርሃርት ነው። አሜሪካዊቷ አብራሪ እ.ኤ.አ. በ1937 በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን ለመዞር ተነሳች። አፍሪካን አቋርጣ ከካርቱም ወደ ምፅዋ፣ ከምፅዋ ወደ አሰብ በረረች፣ ከአሰብ ተነስታ ካራቺ ገባች። በሰኔ 1929 ዓ.ም. ማለት ነው። የኛ ሰው ድሬ ላይ በጣልያን ወረራ ሥር በነበረበት ጊዜ እሷ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ቀይ ባሕር ዳር ነዳጅ ትቀዳ ነበር። ይሄን ሳነብ ነው ሃውላንድ ሩቅ መሆኗ የቀረብኝ።

መንደርደሪያው የተሠራው በዋናነት ለእሷ ነው። በአሜሪካ መንግሥት የሥራ ፈጠራ ገንዘብ፣ ድንጋዩ ተነስቶና መሬቱ ተደልድሎ ሦስት መንደርደሪያ ወጣ። እሷና መንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን ኒው ጊኒ ካለችው ከላኤ ተነሱ። እስከ ሃውላንድ 4,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁሉም በውሃ ላይ። ደሴቷ አጠገብ ኢታስካ የምትባል የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ትጠብቃቸው ነበር። ድምፃቸው በሬዲዮ ተሰማ፣ እነሱ ግን አልደረሱም።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ነው። የኢታስካ የሬዲዮ መዝገብ ላይ ጠዋት 1:42 ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 7:42፣ "ከእናንተ በላይ መሆን አለብን፣ ግን አናያችሁም፣ ነዳጅ እያለቀ ነው" የሚል መልእክት አለ። ይሄ በማን ሰዓት ነው? ኢታስካ ከግሪንዊች በ11 ሰዓት ተኩል ወደኋላ የሆነ ሰዓት ትጠቀም ነበር። ስለዚህ 7:42 ላይ 11:30 ስትደምሩ የግሪንዊች 19:12 ይመጣል። የኛ አገር ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ 22:12 ሆነ። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:12። የመጨረሻው መልእክት በመርከቧ 8:43 ነው፣ በኛ ከምሽቱ 5:13። ከላኤ የተነሱት ደግሞ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5:13፣ ሃያ ሰዓት ከሩብ ገደማ አየር ላይ። ሰነዶቹ ላይ ያሉት የላኤ ሰዓት፣ የመርከቧ ሰዓትና የግሪንዊች ሰዓት ሲደባለቁ ይሄ ቁጥር ይጠፋል፤ ወደ አንድ ሰዓት ስታመጡት ግን የበረራው ርዝመት ፊት ለፊታችሁ ይቆማል፣ ነዳጁ ለምን እንዳለቀም ይገባችኋል።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1937 ነው፣ በኛ ሰኔ 25 ቀን 1929። ጎበዝ፣ "ሐምሌ" የሚለውን አይታችሁ በኛ ሐምሌ እንዳታደርጉት። ደብተራችሁ ላይ ሁሌም ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀኑ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈ፣ ቀኑ በኛ፣ ያገኛችሁበት ሰነድ። መጀመሪያ እንደተጻፈ ገልብጡ፣ ከዚያ ቀይሩ። መጀመሪያ ቀይሮ የጻፈ ሰው ቢሳሳት የሚመለስበት የለውም።

የቀን መስመሩም አለ። ዓለም አቀፉ የቀን መስመር ፓስፊክ መሃል ያልፋል፣ ዌክ በምዕራቡ በኩል ናት፣ ሃዋይና ሃውላንድ በምሥራቁ። ጃፓኖች ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ የጦር ወደብ ፐርል ሃርበርን የደበደቡት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ነው። የዌክና የሃውላንድ ድብደባ ሁለቱም ታኅሣሥ 8 ተብለው ይጻፋሉ። ግን አንድ ቀን አይደሉም! ዌክ የተደበደበችው ከፐርል ሃርበር ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ነው፤ መስመሩ ማዶ ስለሆነች ብቻ ቀኗ 8 ሆነ። ሃውላንድ ግን በእውነትም በማግሥቱ ነው የተደበደበችው። ይሄን የለየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ታዋቂው ሰው እንዳይጋርዳችሁ

አሚሊያ የት ወደቀች የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። እኔ የምመክራችሁ እዚያ ውስጥ እንዳትገቡ ነው። የናንተ ጥያቄ የአየር ማረፊያው ታሪክ ነው፣ እሷ ደግሞ አንድም ቀን አላረፈችበትም። ታዲያ ሃውላንድ ላይ ማን ነበር?

የሃዋይ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ በመጀመሪያ ከካመሃመሃ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው። ሃውላንድ፣ ቤከርና ጃርቪስ በሚባሉት ደሴቶች፣ በኋላም ካንቶንና ኤንደርበሪ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1942 ከ130 በላይ ወጣቶች በየተራ ኖረዋል። ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ መርከብ እስኪመጣ እየጠበቁ። የአየር ጠባይ መዝግበዋል፣ ዓሣ አጥምደዋል። አንዱ ጃርቪስ ላይ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በዚያው ሕመም ሞተ።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1941፣ በኛ ኅዳር 29 ቀን 1934፣ 14 የጃፓን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሃውላንድ ላይ መጡ። መሣሪያ የሌላቸው አራት ወጣቶች ናቸው የነበሩት። ሪቻርድ ዌሊና ጆሴፍ ኬሊኢሃናኑኢ ሞቱ። የተረፉት ሁለቱ ጓደኞቻቸውን ቀብረው፣ ተደብቀው፣ ሄልም የምትባል የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1942 እስክታነሳቸው ድረስ ሁለት ወር ገደማ ቆዩ። ስለ አሚሊያ ከተጻፈው እጅግ ጥቂቱ ነው ስለነሱ የተጻፈው። ይሄ ያንገበግበኛል። የሆኖሉሉው ቢሾፕ ሙዚየም ስለነዚህ ወጣቶች ዐውደ ርእይ ማዘጋጀቱና የተረፉትን ማነጋገሩ ትልቅ ውለታ ነው። እነሱን ፈልጋችሁ አንብቡ። መንደርደሪያው በካማካይዊ ስም መጠራቱ ራሱ ወደነሱ የሚወስድ ፍንጭ ነበር።

ስለዚህ የትኛውንም አየር ማረፊያ ስታጠኑ አንድ ገጽ ለአብራሪዎች፣ ሦስት ገጽ ለሌሎቹ ተዉ። ማን መሬቱን ደለደለ? ማን ነዳጅ ቀዳ? ማን ሬዲዮ ላይ ተቀመጠ? ማን ምግብ ሠራ? ማን መሬቱን ለቀቀ?

ከላይ እዩት

የሳተላይት ካርታ ጥሩ ጓደኛ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ሥዕሉን ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ አስቀምጡ። ቲንያን የሚባል ደሴት ሰሜን ጫፍ ላይ አራት ጎን ለጎን የተዘረጉ መስመሮች ታያላችሁ። ሂሮሺማን ያጠፋው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 የተነሳው ከዚያ ነው። መስመሮቹ እስካሁን ይታያሉ፤ መሠረታቸው ከተፈጨ ኮራል ነው የተሠራው፤ ኮራል በባሕር ውሃ ረጥቦ ሲዳመጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሃውላንድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አትጠብቁ። አፈር ተደልድሎ ብቻ የተተወ መንደርደሪያ ስለሆነ ሣርና ወፍ መልሰው ወስደውታል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ደሴቷ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ናት። በአሚሊያ ስም የቆመ፣ ለመርከቦች ምልክት የሚሆን ማማ አለ።

የመንደርደሪያ ቁጥርም ማንበብ ልመዱ። ጫፉ ላይ የተጻፈውን በ10 ስታባዙት አቅጣጫው በዲግሪ ይመጣል። የሁለቱ ጫፎች ቁጥር ሁሌም በ18 ይለያያል። አቅጣጫው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይነግራችኋል፣ አውሮፕላን ነፋስ ፊት ለፊት ይዞ መነሳት ይወዳልና።

አሁን ወደ ድሬ

አቦ፣ አሁን ልባችን ያለበት ቦታ ደርሰናል። ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፦ ለምን እዚህ? መልሱ ከአውሮፕላን በፊት ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስለከበደው ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ሲደርስ ድሬ ከተማ ሆነች። ደንገጎን በመኪና የወጣ ሰው ይሄን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሜዳው፣ ባቡሩና የጅቡቲ ቅርበት አንድ ላይ ሲመጡ አውሮፕላንም ሊከተል ግድ ነው።

የስሙን ወጥመድ አትርሱ። አየር ማረፊያው ዛሬ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ይባላል፣ በራስ መኮንን ልጅ፣ ማለትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በአባት በሚወንድማቸው ሰው ስም ነው፤ ብዙ ሰው ዝምድናውን ያምታታዋል። የድሮ ሰነድ ላይ ግን ይሄን ስም አታገኙትም። ፈረንሳዮችና ጣልያኖች የከተማዋን ስም የጻፉበት ፊደልም ከእንግሊዝኛው የተለየ ነው፣ ስለዚህ በሦስቱም ፈልጉ።

አንድ ጥሩ መነሻ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 1941፣ በኛ መጋቢት 6 ቀን 1933፣ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ድሬ አካባቢ ያለውን የጣልያን ማረፊያ ሲያጠቃ ሻምበል ጃክ ፍሮስት አውሮፕላኑ ተመትቶ እዚያው ጠላት ሜዳ ላይ አረፈ። ሮበርት ከርሾው የተባለው ባልደረባው በተኩስ መሃል ወርዶ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ አውሮፕላን ውስጥ ጭኖት ተነሳ። ለዚህም ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት አገኘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድሬ ከጣልያን ነጻ ወጣች። የአብራሪዎቹ ስም አለ፣ ቀኑ አለ። የቀረው ገጽ የኛ ነው፦ ያ ሜዳ በትክክል የት ነበር? አካባቢው ላይ የሚኖሩት ምን አዩ? ከአያቶቻቸው የሰሙ ሰዎች አሁንም አሉ።

ሁለተኛው መነሻ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገበት ቀን። የተጠቀመባቸው አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47ዎች ናቸው፣ ፓስፊክ ደሴቶች ላይ ዕቃና ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረው ያው ዓይነት። ሦስተኛው የ1969 ዓ.ም. ክረምት ነው፣ የሶማሊያ ጦር ድሬን ሲያጠቃ። ያንን ያዩ ሰዎች ዛሬም አብረውን አሉ። እነሱን ማነጋገር ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ስታናግሩ ቀትር ላይ አትሂዱ። በዚያ ሙቀት ድሬ ሰው አይረበሽም። በጠዋት ወይም ፀሐይ በረድ ስትል ሂዱ። "ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነበር?" ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሰው ይጨነቃል። "ጋሼ፣ ንጉሡ ሳይወርዱ ነው ከወረዱ በኋላ?" በሉ። "እማማ፣ ከሶማሊያ ጦርነት በፊት ነው?" በሉ። ለቅርቡ ጊዜ ደግሞ የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ መለያ አድርጉት። ድሬ ብዙ ቋንቋ ያላት ከተማ ናት፤ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ የሚያወራ ሰው በአማርኛ እንዲያወራችሁ አታስገድዱት፣ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አየር ማረፊያው አካባቢ ደግሞ ያለ ፈቃድ ካሜራ አታውጡ፣ የጥበቃ ቦታ ነው። የድሮ ፎቶ ከሰው አልበም ታገኛላችሁ። ፎቶውን አትውሰዱ፣ እዚያው በስልካችሁ አንሱት፣ ጀርባውንም አንሱ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑ የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነው።

የቀዳችሁትን ድምፅ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፋይሉን ስትሰይሙ ቀኑን፣ ሰፈሩንና የተወራበትን ነገር ጻፉበት፣ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን እያላችሁ። አንድ ቅጂ ለተናጋሪው ቤተሰብ ስጡ። ልጆቹ ሲያዳምጡት "አባባ ይሄንንም ይሉ ነበር እኮ" ብለው የሚጨምሩት ነገር አይጠፋም፣ እሱንም ቅዱት።